ድሬ ላይ ሰዓት፣ ሐረር ላይ ኩርፊያ፦ የአንዲት አሮጌ ናፍጣ ፒካፕ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 14፣ 2017፣ ቅዳሜ

ዛሬም ተገፋሁ። በዚህ ሳምንት አራተኛዬ ነው። የሰፈሩ ልጆች ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩን የሚያስነሳውን የሞተሪኖዬን ጩኸት ሲሰሙ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ትልቁ ልጅ «ወሪያ፣ ዛሬም?» ይለኛል። ለሻይ እያልኩ የሰጠኋቸው ብር ተጠራቅሞ ቢሆን ኖሮ ባትሪ ይገዛ ነበር።

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። በፈረንጅ 1991 የተሠራች፣ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያላት። መስከረም ላይ ድሬዳዋ ነው የገዛኋት። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ቆማ፣ ቁልፉን ገና ነካ ሳደርገው ተነሳች። አጠፋኋት፣ አስነሳኋት። ደግሜ አጠፋኋት፣ ደግማ ተነሳች። ሻጩ «አቦ፣ ይቺ እኮ ሰዓት ናት!» አለኝ። አልዋሸም። ድሬ ላይ ሰዓት ናት። ሐረር ላይ ጥቅምትን እያጉረመረመች አለፈችው፣ ኅዳር ሲገባ ግን ለይቶላት አኮረፈች።

ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ቀን ስለተቆረጠብኝ ነው። እማዬ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ እንድወስዳት ቃል አስገብታኛለች። በዓሉ ታኅሣሥ 19 ነው፣ 35 ቀን አለኝ። ዋዜማውን እዚያው ማደር አለ። ቁልቢ ደግሞ ከሐረርም ከፍ ይላል፣ ሌሊቱ አይቻልም። እዚያ ሜዳ ላይ ስለት አድርሶ የሚመለስ ሰው መኪናዬን እንዲገፋልኝ መለመን አልፈልግም።

አንድ ጋራዥ ሄጄ ነበር። ባለሙያው ኮፋኖውን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ አርጅቷል፣ መፈታት አለበት» አለኝ። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይወርዳል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየራል፣ ጓርኒሲዮን በሙሉ አዲስ ይገባል። ዋጋውን ሲነግረኝ ያዘዝኩትን ሻይ ሳልጨርስ ወጣሁ።

ኅዳር 16

ጎረቤታችን ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እስከዛሬ ስገፋ እያዩ ዝም ብለው ነበር። ዛሬ አላስቻላቸውም።

«ጭሱን አይተኸዋል?»

«የምን ጭስ፣ ጋሼ?»

«ሞተሪኖ ስትመታ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ነዋ! መኪና የሚያማትን በጭሷ ነው የምትናገረው። ሞተሪኖ እየመታህ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሳትም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ገብቷል፣ አልነደደም ማለት ነው። መጀመሪያ የቷ እንደሆነች ለይ። ከዚያ በኋላ ነው መፍቻ የሚነሳው።»

አንድ ወር ሙሉ መሪው ላይ ተቀምጬ ቁልፍ ሳዞር ከኋላዬ ምን እንደሚወጣ ዞር ብዬ አላየሁም። አፈርኩ።

ኅዳር 17

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል። ከመስተዋቱ ላይ ያንጠለጠልኩት ቴርሞሜትር 9 ዲግሪ ይላል። እህቴ ቁልፉን ያዘች፣ እኔ ከኋላ ቆምኩ። ሞተሪኖው ሲመታ ነጭ ጭስ በብዛት ወጣ። ዓይን ያቃጥላል፣ ጥሬ ናፍጣ ይሸታል።

ስለዚህ ናፍጣው ይደርሳል። የጎደለው ሙቀት ነው።

ነገሩን ለራሴ ስተነትነው እንዲህ ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ ይስብና አጥብቆ ይጨምቀዋል። የእኔዋ ሞተር አየሩን ከ22 እጅ ወደ አንድ እጅ ነው የምታጠበው። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ፓምፑ እጁ ላይ ሲግል ያውቀዋል፣ ነገሩ እሱው ነው። አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፣ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ ግን ብረቱ ያንን ግለት ወዲያው ይመጠዋል። በተለይ እንደኔዋ ያሉት የድሮ ሞተሮች ናፍጣውን የሚረጩት ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ ውስጥ ነው። የጓዳዋ ግድግዳ ሙቀት ሌባ ነው። ለዚህ ነው በእያንዳንዷ ጓዳ አንዳንድ ማሞቂያ ካንዴላ የተተከለው። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጫፉ በኤሌክትሪክ ግሎ ይቀላል፣ ናፍጣው እሱን ሲነካ ይያያዛል።

ሐረር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 20 በመቶ ያንሳል። የሚጨመቀው አየር ራሱ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ የሚይዘው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ብረቱ ቶሎ ይጨርሰዋል። ድሬ ላይ ጠዋቱም ሞቃት፣ አየሩም ወፈር ያለ ነው። ማሞቂያ ካንዴላው ቢሞት፣ ባትሪው ቢደክም ማን ያውቃል? ድሬ ነውርን ሸፍና ትሸኛለች፣ ደንገጎን ወጥተህ ስትጨርስ ሐረር ሽፋኑን ትገልጠዋለች።

ኅዳር 18

አንድ ነገር ገባኝ፣ ብዙ ሥራ የሚያድነኝም ይመስለኛል። ይህን ችግር በቀን አንዴ ብቻ ነው መሞከር የሚቻለው። መኪናዋ አንዴ ከተነሳች ቀኑን ሙሉ ደህና ናት። ማስረጃው የሚገኘው ሌሊቱን ሙሉ በርዳ ስታድር ብቻ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ቀይሬ ጠዋት ብትነሳ የቱ እንዳዳነኝ አላውቅም። ስለዚህ በአንድ ሌሊት አንድ ነገር ብቻ እነካለሁ።

ኅዳር 19

በባትሪው ጀመርኩ፣ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። ሌሊቱን ያደረው ባትሪ 12.3 ቮልት ያሳያል። ሙሉ ቢሆን 12.6 አካባቢ ነበር። ሞተሪኖው ሲመታ እሱ ጋ የሚደርሰው ወደ 8.3 ወረደ። ከ9.6 በታች መውረድ አልነበረበትም።

ባትሪውን ራሱን ሳየው ደግሞ 55 አምፔር ነው። የቤት መኪና ባትሪ! ናፍጣ ሞተር ለመዞር ከባድ ነው፣ ቢያንስ 70 ወይም 80 ይፈልጋል። ሻጩ የራሱን ባትሪ አውልቆ ይቺን ሰክቶልኛል ማለት ነው። ሐሜት አላበዛም፣ ሳላይ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ባትሪ ከመግዛቴ በፊት የማሳ ካቦውን፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደውን ገመድ፣ ፈተሽኩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ እህቴ ሞተሪኖ መታች። 0.9 ቮልት። ሊኖር የሚገባው ከ0.3 የማይበልጥ ነው። ካቦው የታሰረበትን ቡሎን ስፈታ ከሥሩ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ተራገፈ። በሽቦ ብሩሽ ፍቄ፣ ብረቱ እስኪያበራ አጽድቼ መልሼ አሰርኩት።

ኅዳር 20

በማሳ ጽዳት ብቻ 8.3 የነበረው 9.1 ሆነ። ያልከፈልኩበት ባትሪ በሉት። መኪናዋ ግን አልተነሳችም። ተገፋሁ።

ኅዳር 23

80 አምፔር ባትሪ ገባ። ሞተሪኖው ሲመታ 10.4። ድምፁ ራሱ ሌላ ነው፣ ድሮ «እ...ህ፣ እ...ህ» የምትለው አሁን ትፈጥናለች። ከ40 ሰከንድ ያህል ሙከራ በኋላ እየተንቀጠቀጠች፣ መጀመሪያ በአንድ ፒስተን፣ ቀጥሎ በሁለት፣ በመጨረሻ በአራቱም ተነሳች። ሰፈሩ በጭስ ተሸፈነ።

ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። ሰሞኑን ስሙ ወደ እኛ ሰፈር ቢዛወር ማንም የሚቃወም አይመስለኝም።

ኅዳር 25

ወደ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ። ቁልፉን ስከፍት ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ብርቱካናማ የጥቅልል ሽቦ ቅርጽ ያላት መብራት አትበራም። ገመዱን ተከትዬ ስሄድ ከመሪው ሥር የተደበቀ አንድ ቁልፍ አገኘሁ። የበር ደወል ቁልፍ ነው፣ ያውም ላዩ ላይ የደወል ሥዕል ያለበት። የቀድሞው ባለቤት የፋብሪካውን መቆጣጠሪያ ጥሎ በደወል ተክቶታል። ሁለት ወር ስነዳ አላየሁትም።

ተጫንኩት። 15 ሰከንድ ያዝኩት። ከደወሉ የፕላስቲክ ቃጠሎ ሽታ መጣ፣ ገመዱ እጄ ላይ ጋለ። ለቀቅኩት።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ቀኑ በሙሉ እዚህ ላይ አለቀ፣ ግን አልቆጭም።

አራቱን ካንዴላዎች ከላይ የሚያገናኝ አንድ የብረት ዘንግ አለ። መጀመሪያ እሱ መውለቅ አለበት፣ አለዚያ አንዱ ደህና ከሆነ የሌሎቹን ሞት ይሸፍናል። ካወለቅኩ በኋላ እያንዳንዱን በቴስተር ለካሁ። ደህና ካንዴላ ከአንድ ኦም ብዙም አይርቅም። አንደኛው ምንም መስመር የለውም፣ ሙት። ሁለተኛው ሙት። ሦስተኛው 0.8። አራተኛው ሙት። ቴስተር የሌለው ሰው በአምፖል ይሞክር። ከባትሪው ፖዘቲቭ በአምፖል በኩል አድርጎ የካንዴላውን ራስ ይንካ፣ ከበራ ሕይወት አለው።

ከአራት አንድ! ድሬ ላይ ግን በአንድ ካንዴላ ሰዓት ነበረች።

ማውለቁ ፍርሃት ነበረው። ለሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ካንዴላ በግድ ሲፈታ ቴስታታው ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል። ያኔ ያ ጋራዥ ያለው ነገር በእኔ እጅ ይፈጸማል። ሞተሩን መጀመሪያ አሙቄ፣ ዝገት የሚያላላ ዘይት ነፍቼ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ፣ ትንሽ ፈታ ትንሽ መለስ እያደረግኩ ነው ያወጣኋቸው። ሦስቱ ወጡ። አራተኛው ከጥርሱ ተፈትቶ ሲያበቃ አልወጣ አለኝ። በፒንሳ እያዞርኩ እያባበልኩ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወጣ።

እጄ ላይ አድርጌ ሳየው ነገሩ ገባኝ። የደህናው ጫፍ እንደ እርሳስ ቀጥ ያለና ለስላሳ ነው። የዚህኛው ጫፍ አብጧል። የጠቆረ የክብሪት ራስ ይመስላል፣ ወገቡ ላይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ያልወጣው ያበጠው ጫፍ በቀዳዳው አላልፍ ብሎ ነው። አንገቱን በጨርቅ ጠርጌ፣ በስልኬ መብራት አዘንብዬ ሳነብ ትንንሽ ፊደላት ታዩኝ። 6 ቮልት ይላል።

ባለ 6 ቮልት ካንዴላ፣ በ12 ቮልት ባትሪ፣ በበር ደወል!

የፋብሪካው አሠራር ሞኝነት አልነበረም። ለካንዴላው ሙሉውን ቮልት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዲቀላ። ከዚያ በሬዚስታንስ በኩል አድርጎ ይቀንስለታል። ጊዜውን የሚቆጥረው ያ የተጣለው መቆጣጠሪያ ነበር። ደወል መቁጠር አይችልም። ብርድ በጨመረ ቁጥር ሰውየው ረዘም አድርጎ ይጫናል፣ ረዘም አድርጎ በተጫነ ቁጥር አንድ ካንዴላ ይሞታል።

ቀዳዳዎቹ ክፍት እያሉ ጎረቤታችን ከአንድ ወዳጃቸው የኮምፕሬሽን መለኪያ ተውሰው መጡ፣ ሞተሩ አየሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨምቅ የሚያሳይ። መለኪያው በካንዴላው ቀዳዳ ነው የሚገባው። ያገኘነው 25፣ 26፣ 26 እና 24 ኪሎ ነው። ለዚህ ሞተር የሚፈቀደው ዝቅተኛ ልክ 20 ነው። እንግዲህ ይሄ ነው «ይፈታ» የተባለው ሞተር።

ታኅሣሥ 1

ድሬ ወረድኩ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደንገጎን ስትወርድ ጃኬት ይወልቃል፣ ታች ስትደርስ መስኮት ይከፈታል። ለመለዋወጫ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሁለቱ ጋ የነበረው ባለ 6 ቮልቱ ነው። ሻጩ «ያው ነው፣ ይገባል» አለኝ። መግባቱስ ይገባል፣ ጥርሱ አንድ ነው፣ ርዝመቱ አንድ ነው። ችግሩም እሱ ነው። የምትገዙ ሰዎች ሳጥኑን አትመኑ፣ ካንዴላው አንገት ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሦስተኛው ሱቅ ባለ 12 ቮልቱን አገኘሁ። እነዚህ ለመጋል ይዘገያሉ፣ ግን በቀጥታ ከባትሪ ቢገናኙም በ20 ሰከንድ አይሞቱም።

አብሬም 70 አምፔር የሚችል ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ)፣ ፊውዝና አራት ሜትር ወፍራም ሽቦ ገዛሁ።

ከዚራ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ መኪናዋን በተለመደው ዛፍ ሥር አቆምኳት። ካንዴላ የሚባል ነገር አልነበራትም፣ የቀረውን አንዱን ደህና ከሦስቱ ሙታን ጋር መልሼ ቀዳዳ ለመድፈን ብቻ ነው ያሰርኳቸው፣ ገመዳቸው ተነቅሎ። ቁልፉን አዞርኩ። ቀጥ ብላ ተነሳች። ሳቄ መጣ።

ታኅሣሥ 3

ገጠማ። ደወሉ አሁንም አለ፣ ግን ሥራው ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ነው። አራት ካንዴላ አንድ ላይ ከ40 አምፔር በላይ ይስባል፣ ያን ሁሉ የሚሸከመው አሁን ወፍራሙ ሽቦ ነው። የብረት ዘንጉን በአሸዋ ወረቀት አጸዳሁ። ደወሉን የተውኩት ስለወደድኩት ነው።

ታኅሣሥ 4

8 ዲግሪ። እስካሁን ከመዘገብኩት ሁሉ ቀዝቃዛው። ደወሉን ይዤ 20 ቆጠርኩ። ቁልፍ። ሁለት ዙር ሳትሞላ ተነሳች!

አምስት ሰከንድ ቆይታ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ ረጅም ሙከራ። ከጭስ ማውጫው ምንም አይወጣም። ምንም። ጎረቤታችን በአጥራቸው ላይ ብቅ ብለው «አሁን ደግሞ ሌላዋ ናት» አሉኝና ገቡ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

በሽታዋ ሁለት ነበር ማለት ነው። አንደኛው ሲድን ሁለተኛው ታየ። እስከዛሬ ስንገፋት ረጅም ስለምትዞር ናፍጣውን እየጎተተች ትደርስበት ነበር።

ጭስ የለም ማለት ናፍጣ የለም ማለት ነው። ማታ ከፊልትሮው በላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ጨመቅኩ፣ ድንጋይ ሆነች። ንጋት ላይ ስነካት እንደ ባዶ ፌስታል ሟሸሸች። ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ሰልባትዮ፣ ወደ ናፍጣው ታንክ፣ ተመልሷል። ለመመለስ ደግሞ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ተሳስቼ ነበር። የሚያፈስ ቦታ ፈለግኩ። መኪናዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ አደርኩ፣ አንድ ጠብታ የለም። ግን ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ እስከሚገፋው፣ ያለው መስመር የሚሠራው በመምጠጥ ነው። ቀዳዳ ካለ አየር ይገባል እንጂ ናፍጣ አይወጣም። ደረቅ ሆኖ ያፈስሳል።

ታኅሣሥ 7

ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ የሚሄደውን ጎማ አውልቄ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ተካሁበት። ሞተሩ ሲሠራ ቱቦው ውስጥ ዓይኔን ተከልኩ። ናፍጣው የሻይ ቀለም አለው። በመሐሉ አረፋ ያልፋል፣ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት ተያይዘው፣ እንደ ዶቃ። ነዳጅ ሲሰጣት ዶቃው ይበዛል።

ታኅሣሥ 8

ንጋት ላይ ልመለከት ኮፋኖውን ከፍቼ ጎንበስ ባልኩበት ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። የሰፈሩ ልጅ መስሎኝ «ዛሬ አልፈልግህም» አልኩት። ጅብ ነበር። ወደ ዋሻው ሲመለስ ነው። አየኝ፣ መኪናዋን አየ፣ መንገዱን ቀጠለ። እሱም ሳይለምደን አልቀረም።

ቦታውን ለመለየት ይህን አደረግኩ። ሁለት ሊትር ናፍጣ በጀሪካን ኮፋኖው ውስጥ ከፍ አድርጌ አስሬ፣ ቱቦውን በቀጥታ ወደ ፖምፓው ሰጥቼ አሳደርኩ። ጠዋት ወዲያው ተነሳች፣ አልጠፋችም። ስለዚህ ፖምፓው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ከእሱ ወደኋላ ነው።

ታኅሣሥ 10

ሁለት ቦታ ተገኘ። አንደኛው ከብረት ቱቦው ወደ ፊልትሮ የሚመጣው ጎማ ነው፣ ማሰሪያው ፋሼታ ከመጠን በላይ ጠብቆ ከሥሩ ሰንጥቆታል። ጫፉን ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆርጬ መልሼ አሰርኩ። አረፋው ቀነሰ፣ አልጠፋም። ሁለተኛው የእጅ ፓምፗ ራሷ ናት፣ ውስጧ ያለው ጎማ ደርቋል። ከነራሷ ቀየርኳት። እግረ መንገዴን ፊልትሮውንም ለወጥኩ፣ ከሥሩ ያለውን ውኃ ሳፈስ ግማሽ ስኒ የሚሆን ወጣ።

ቱቦው አሁን ጥርት ያለ ሻይ ነው።

ታኅሣሥ 12

ዘይት። ውስጧ የነበረው 40 ቁጥር የሚባለው ወፍራሙ ነው፣ ድሬ ላይ ሁሉም የሚሞላው። ጠዋት ላይ ዘንጉን ሳወጣ እንደ ማር ይንጠለጠላል። በብርድ ያን ያህል የማይወፍረውን 15 ደብሊው 40 ሞላሁ። የሞተሪኖው ቮልት ከ10.4 ወደ 10.6 ከፍ አለ። ብዙ አይደለም፣ ግን ይሁን።

ታኅሣሥ 14

ስዊድን ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ታሪኩን በስልክ ነገርኩት። «ስንት ዲግሪ አልክ?» አለኝ። «8።» ዝም አለ። «ከዜሮ በታች?» «በላይ።» ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እነሱ ጋ 25 ከዜሮ በታች ሲሆን ሞተሩ ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፣ ሰው ማታ መኪናውን እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ሰክቶ ይተኛል። ናፍጣውም የክረምት ተብሎ ለብቻው ይሸጣል። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ፣ ብርዱ ሲጠና ይረጋና ፊልትሮውን ይደፍናል። ባትሪውም 18 ከዜሮ በታች ላይ ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ያጣል። እኛ ጋ የሚረጋ ሰም የለም። እዚህ አንድ ሰው «ናፍጣው ረግቶብህ ነው፣ ላምባ ቀላቅልበት» ብሎ መክሮኝ ነበር። ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ቅባት ነው፣ ላምባ ያደርቀዋል። እንኳን አልሰማሁት።

ያልሰማሁት ሌላ ምክርም አለ። ቤንዚን የነከረ ጨርቅ በአየር መሳቢያው ላይ መያዝ። ያስነሳል፣ ሲያስነሱ አይቻለሁ። ግን ማሞቂያ ካንዴላው ግሎ እያለ ያ ትነት ሲገባ ያለጊዜው ይፈነዳል። ወይ ፋሻ ይሰበራል፣ ወይ እሳቱ ተመልሶ ፊትህ ላይ ይመጣል። ጎረቤታችን ከዘይት መያዣው ሥር ከሰል አንድደው ያስነሱበትን ዘመን ያወራሉ። እሱንም ታሪክ ሆኖ ይቅር ብያለሁ።

ታኅሣሥ 17

ሰባት ጠዋት በተከታታይ ሳልገፋ። የሰፈሩ ትልቁ ልጅ ትናንት መጥቶ «ሸጥካት እንዴ?» አለኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ከእማዬ፣ ከእህቴና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ወጣን። አወዳይ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ከሐረማያ በኋላ በእግር የሚሄደው ሰው ዳር ዳሩን ይዟል፣ ድንጋይ የተሸከመም አለ። ማታ ቁልቢ ደረስን። ማቆሚያው ሜዳ ነው፣ ብዙው ለጥ ያለ። እማዬ «ቁልቁለት ፈልግ» አለችኝ። «ድናለች እኮ፣ እማዬ» አልኳት። «እኔ ደግሞ ስለት ላይ ነኝ፣ ፈልግ» አለች። ፈለግኩ። አፍንጫዋን ወደታች አድርጌ አቆምኳት። እኔም ከልቤ አላመንኳትም ነበር ማለት ነው።

ታኅሣሥ 19

ንጋት 11 ሰዓት። 5 ዲግሪ። መስተዋቱ ላይ ጤዛው ቀጥ ብሏል። ሜዳው ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ብቻ ነው የሚታየው፣ ከሩቅ የማኅሌቱ ድምፅ ይመጣል። ደወሉን ያዝኩ። እህቴ ጮክ ብላ እስከ 25 ቆጠረች። ቁልፍ።

በሁለተኛው ዙር ተነሳች። ግማሽ ደቂቃ ያህል ነጭ ጭስ ተነፈሰች፣ አንድ ሁለቴ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ ጸጥ ብላ ሠራች። የእጅ ፍሬኑን አልነካሁትም።

ከጎናችን አንድ የቆየች ፒካፕ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ስድስት ሰው ይገፋታል። ሹፌሩ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ወደኔ መጣ።

«አቦ፣ ካቦ ይኖርሃል? ከድሬ ነው የመጣነው። ትናንት እኮ ሰላም ነበረች።»

«ሞተሪኖው ሲመታ ጭስ አላት?»

«ሞልቷል።»

«ምን ዓይነት?»

ዞር ብሎ አያት። «ነጭ።»

መፍቻዬን ይዤ ወረድኩ። «ኮፋኖውን ክፈተው» አልኩት።